ከሲጋራ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፦ ሰውነት ለውጡን እንዴት ይለምደዋል?

መግቢያ

ሰዎች ሲጋራ የሚያጨሱት በውስጡ ስላለው ኒኮቲን ነው፤ ለሞት የሚዳረጉት ግን በአመዛኙ ከኒኮቲኑ ጋር አብሮ በሚገባው ጭስ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ማይክል ራስል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አበክሮ ያስገነዘበው ይህ ሐሳብ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከባድ ጥያቄ ያስከትላል፤ ኒኮቲኑን ከጭሱ ለይቶ መስጠት ቢቻል የአጫሹ ሰውነት ምን ይሰማዋል? ለውጡንስ በስንት ጊዜ ይለምደዋል?

ትንባሆ ከሚጠቀሙት ሰዎች መካከል እስከ ግማሽ የሚደርሱትን ለሞት እንደሚዳርግ የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃል። ስለዚህ ጥያቄው ከቤተ ሙከራ ግድግዳ አልፎ የብዙ ቤተሰቦችን ሕይወት የሚነካ ነው። ራሱ አጫሽ የነበረው ቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ ሆን ሊክ የዘመናችንን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሠራ ወዲህ፣ በተለይ በእንግሊዝ አገር በርካታ አጫሾች ከሲጋራ ወደዚህ መሣሪያ ተሸጋግረዋል። ከእነርሱም መካከል ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳል፣ የአፍ መድረቅ፣ የእንቅልፍ እጦትና ያልረካ አምሮት ገጥሟቸው ወደ ሲጋራቸው ተመልሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ምልክቶች በስተጀርባ ያለውን ኬሚስትሪና ሥነ ሕይወት ለተማሪዎች ማብራራት ነው። መሣሪያው በአገራችን ስላለው ሕጋዊ ሁኔታም ወደ መጨረሻው እንመለከታለን።

1. ጭስና ጉም

ሲጋራ የሚሠራው በማቃጠል ነው። አጫሹ በሚስብበት ቅጽበት የሲጋራው ጫፍ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይደርሳል። በዚህ ሙቀት የትንባሆው ቅጠል ይፈራርሳል፤ ስብርባሪዎቹም እርስ በርስ እየተዋሐዱ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎችን ይፈጥራሉ። ከእነዚህም ውስጥ ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር አምጪ መሆናቸው ታውቋል። ካርቦን ሞኖክሳይድና በተለምዶ ሬንጅ የምንለው ጥቁር ዝቃጭ የዚሁ ቃጠሎ ውጤቶች ናቸው።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በአንጻሩ ምንም ነገር አያቃጥልም። ባትሪው አንዲት ጥቅልል ሽቦን ያሞቃል፤ ሽቦዋም በክር የተመጠጠውን ፈሳሽ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ታተነዋለች። ፈሳሹ በዋነኛነት ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ሲሆን፣ ኒኮቲንና የጣዕም ማጣፈጫ ይጨመርበታል። የተነነው ፈሳሽ ከቀዝቃዛው አየር ጋር ሲገናኝ እንደገና ጥቃቅን ጠብታዎች ይሆናል። ስለዚህ ከመሣሪያው የሚወጣው ነጭ ነገር እንደ ሰኔ ማለዳ ጉም በአየር ላይ የተንሳፈፈ የፈሳሽ ጠብታ ነው እንጂ ጭስ አይደለም፤ በትክክለኛው የኬሚስትሪ አነጋገርም እንፋሎት አይደለም።

ይህ ልዩነት ጉሙን ጉዳት የለሽ አያደርገውም። ፈሳሹ አልቆ ክሩ ሲደርቅ ሽቦዋ ከመጠን በላይ ትግላለች፤ በዚህ ጊዜ ግሊሰሪኑና ፕሮፒሊን ግላይኮሉ ተሰባብረው ፎርማልዴሃይድን የመሳሰሉ መርዛማ ውህዶች ይፈጠራሉ። ያን ጊዜ የሚሰማው የሚያንገሸግሽ የቃጠሎ ጣዕም ተጠቃሚው ወዲያውኑ ማቆም እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት ነው። ሆኖም በመደበኛ አጠቃቀም ጉሙ ውስጥ ያለው የመርዛማ ንጥረ ነገሮች ብዛትና መጠን ከሲጋራ ጭስ እጅግ ያነሰ ነው። መሣሪያው ከተፈለሰፈ ገና ሁለት አሥርት ዓመታት ብቻ ያለፉት በመሆኑ፣ የረጅም ዘመን ጉዳቱ ዛሬም በጥናት ላይ ይገኛል።

2. ኒኮቲን ወደ አንጎል የሚያደርገው ጉዞ

በአንድ ሲጋራ ትንባሆ ውስጥ ከ10 እስከ 14 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይገኛል። ከዚህ ውስጥ ወደ አጫሹ ደም የሚገባው ግን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ፍጥነቱ አስደናቂ ነው። የሳንባ የአየር ከረጢቶች ስፋት እጅግ ትልቅ፣ ግድግዳቸውም እጅግ ስስ በመሆኑ ኒኮቲኑ ወደ ደም ገብቶ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። በዚያም ከኒኮቲን ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል። አንጎል ድርጊትን ከዋጋው ጋር የሚያያይዘው በዚህ ፍጥነት ነው፤ ስበቱና እርካታው በሴኮንዶች ብቻ ስለሚለያዩ ሱሱ ሥር ይሰድዳል።

ዘወትር በኒኮቲን የሚጥለቀለቅ አንጎል የተቀባዮቹን ቁጥር ያበዛል። ኒኮቲን ሲቀንስ እነዚህ ተቀባዮች ባዶ ይቀራሉ፤ ብስጭት፣ ሐሳብ መበታተን፣ ረኃብና መቁነጥነጥም ይከተላሉ። ኒኮቲንን ፈጽሞ ባቆመ ሰው ላይ እነዚህ ምልክቶች በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ባለው ጊዜም እየለዘቡ ይሄዳሉ። የተቀባዮቹ ቁጥር ካላጨሰ ሰው ጋር የሚስተካከለው ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንታት በኋላ ነው።

ኒኮቲን በደም ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የመጨረሻ ሲጋራውን አጭሶ ተኝቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሣን ሰው እንውሰድ። በመካከሉ 8 ሰዓት፣ ማለትም አራት ግማሽ ዕድሜዎች አልፈዋል። ስለዚህ በደሙ ውስጥ ከነበረው ኒኮቲን የቀረው አንድ አሥራ ስድስተኛ ያህሉ ብቻ ነው። የጠዋቷ ሲጋራ ከሁሉ ይልቅ የምትናፈቀው ስለዚህ ነው።

ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የተሸጋገረ ሰው የመጀመሪያ ቅሬታ የሚነሣው ከዚህ ነው። ከጉሙ ጠብታዎች ከፊሉ በአፍና በላይኛው የአየር ቧንቧ ላይ ስለሚቀር፣ በብዙ መሣሪያዎች ኒኮቲኑ ወደ ደም የሚገባው ከሲጋራው ዘግየት ብሎ ነው። ከዚህም ሌላ የትንባሆ ጭስ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለውንና ዶፓሚንን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም የሚገቱ ንጥረ ነገሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት የዚህ ኤንዛይም ቢ የተባለው ዓይነት በአጫሾች አንጎል ውስጥ በ40 በመቶ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ጉሙ ይህ ባሕርይ የለውም። ስለዚህ የኒኮቲኑ መጠን እኩል ቢሆን እንኳ ስሜቱ «እንደ ሲጋራው አይደለም» ቢባል አያስገርምም።

3. የጉሮሮ ነገር፦ አሲድና ቤዝ

የኬሚስትሪ ተማሪዎች እንደሚያውቁት ኒኮቲን ደካማ ቤዝ ነው። በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ፕሮቶን ያልያዘ ነጻ ኒኮቲን ሲሆን፣ ሁለተኛው ፕሮቶን የያዘ የጨው መልክ ነው። የሁለቱ ድርሻ እኩል የሚሆነው ፒኤች ወደ 8 ሲጠጋ ነው። ፒኤች 9 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ወደ 91 በመቶ የሚሆነው ነጻ ኒኮቲን ነው፤ ፒኤች 6 ሲሆን ግን የነጻው ድርሻ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል።

ነጻው ኒኮቲን ጉሮሮን አጥብቆ ይቆነጥጣል። ቀደምት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሾች ነጻ ኒኮቲን የያዙ ስለነበሩ መጠኑ ከፍ ሲል ያስሉ ነበር። በኋላ አምራቾች እንደ ቤንዞይክ አሲድ ያለ አሲድ በመጨመር ኒኮቲኑን ወደ ጨው ለወጡት። በዚህም ጉሮሮን ሳይቆነጥጥ ብዙ ኒኮቲን ማስገባት ተቻለ። ይህ ግኝት ሁለት ስለት አለው። ከሲጋራ ለመላቀቅ ለሚጥር ጎልማሳ ሽግግሩን አቅልሎለታል። በሌላ በኩል አጭሶ የማያውቅን ወጣት የሚጠብቀውን የተፈጥሮ አጥር አፍርሷል፤ የመጀመሪያዋን ሲጋራ የሞከረ ልጅ በሳል ታፍኖ ይጥላት ነበር፣ ጨዋማው ኒኮቲን ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይገባል።

የፈሳሹን ጥንካሬ በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም ኒኮቲን እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ እንግሊዝም ይህንኑ ወሰን ትከተላለች። በአሜሪካ በወጣቶች ዘንድ የተስፋፋው ጁል የተባለው መሣሪያ ግን 59 ሚሊ ግራም የሚደርስ ፈሳሽ ይዞ ነበር ገበያ የወጣው።

4. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከላይ የተመለከትናቸውን መሠረታዊ ነጥቦች ይዘን፣ ተሸጋጋሪው የሚያጋጥሙትን ምልክቶች አንድ በአንድ እንመርምር።

ሀ. ሳል። ሳሉ ቢያንስ ሦስት ምንጮች አሉት። አንደኛው ነጻው ኒኮቲን የሚያስከትለው መቆንጠጥ ነው። ሁለተኛው የአሳሳብ ስልት ነው፤ ሲጋራን በአጭሩና በኃይል መሳብ የለመደ ሰው መሣሪያውንም እንዲሁ ሲስበው ያልተነነ ፈሳሽ ወደ አፉ ይገባል። ሦስተኛው ከሳንባው መታደስ ጋር የተያያዘ ነው። የአየር ቧንቧዎችን ከውስጥ የሸፈኑት ጥቃቅን ፀጉሮች አክታንና ቆሻሻን ወደ ላይ ይጠርጋሉ፤ የሲጋራ ጭስ ግን ያሽመደምዳቸዋል። ጭሱ ሲቀር ፀጉሮቹ ሥራቸውን እንደገና ስለሚጀምሩ ለጊዜው ሳልና አክታ ሊጨምር ይችላል። ደም የተቀላቀለበት፣ ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ ወይም ለሳምንታት የዘለቀ ሳል ግን በዚህ የሚታለፍ ስላልሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ለ. የአፍና የጉሮሮ መድረቅ። ግሊሰሪንን ለቆዳ ማለስለሻ የሚጠቀም ሁሉ ውኃን እንደሚስብ ያውቃል። ፕሮፒሊን ግላይኮልም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ከአፍና ከጉሮሮ ገጽ ላይ እርጥበት ስለሚመጥጡ ተጠቃሚው ይጠማል። መፍትሔው ውኃ አዘውትሮ መጠጣት ነው።

ሐ. አለመርካት። ሲጋራ መጀመሪያና መጨረሻ አላት፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ታልቃለች። መሣሪያው ግን በራሱ የሚያልቅበት ወሰን የለውም። ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች ስበቱን ወደ ሦስትና አራት ሴኮንድ ያረዝሙታል፤ ዝግ ብለውም ይስባሉ። ጀማሪዎች ይህን ስልት በጥቂት ሳምንታት ሲለምዱ ከዚያው መሣሪያ የሚያገኙት ኒኮቲን ይጨምራል። በቀን ብዙ ሲጋራ ያጨስ የነበረ ሰው በጣም ደካማ ፈሳሽ ከመረጠ አምሮቱ ወደ ሲጋራው ይመልሰዋል።

መ. ማቅለሽለሽና ራስ ማዞር። እነዚህ ደግሞ የተቃራኒው፣ ማለትም የኒኮቲን መብዛት ምልክቶች ናቸው። ወሰን የለሽ መሣሪያን ያለ ማቋረጥ የሚስብ ሰው ከሚፈልገው በላይ ሊወስድ ይችላል። መሣሪያውን አስቀምጦ ንጹሕ አየር መተንፈስና የፈሳሹን ጥንካሬ መቀነስ ይገባል።

ሠ. ጣዕምና ሽታ። በጭሱ የደነዘዙት የስሜት ሕዋሳት ሲያገግሙ የምግብ ጣዕም ይመለሳል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ነገርም የሚያስደስት ነው። ይህ ጋዝ ከሄሞግሎቢን ጋር ያለው ዝምድና ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ዕድሜው ከ4 እስከ 5 ሰዓት በመሆኑ፣ ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ የተወ ሰው ደም በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ከሞላ ጎደል ከዚህ ጋዝ ይጸዳል።

5. ያልተጠበቀው እንግዳ፦ ቡና

ለእኛ ለቡና አገር ሰዎች ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ክስተት አለ። በሲጋራ ጭስ ሬንጅ ውስጥ ያሉ ባለ ብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦኖች በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ1ኤ2 የተባለው ኤንዛይም በብዛት እንዲመረት ያደርጋሉ። ይኸው ኤንዛይም ነው ካፌይንን የሚያፈርሰው። በዚህም ምክንያት ካፌይን በአጫሽ ሰው ደም ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ ወደ 3.5 ሰዓት ሲሆን፣ በማያጨስ ሰው ግን ወደ 6 ሰዓት ይደርሳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ኤንዛይሙን የሚያበዛው ሬንጁ እንጂ ኒኮቲኑ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የተሸጋገረ ሰው ኒኮቲን እየወሰደም ቢሆን ጉበቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ማያጨስ ሰው ጉበት ይመለሳል። አቦል፣ ቶናና በረካ እንደ ቀድሞው ከጠጣ በደሙ ውስጥ የሚከማቸው ካፌይን ወደ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውየውም ይቁነጠነጣል። እነዚህ ምልክቶች ከኒኮቲን እጦት ጋር ስለሚመሳሰሉ «ያለ ሲጋራ መኖር አልቻልሁም» ብሎ ወደ ሲጋራው ይመለሳል፤ ጥፋተኛው ግን ሲኒው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናን ወደ ግማሽ ማውረድ ይህን ወጥመድ ያስቀራል።

ይኸው ኤንዛይም አንዳንድ መድኃኒቶችንም ያፈርሳል። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ክሎዛፒንና ለአስም የሚሰጠው ቲዮፊሊን ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነዚህን የሚወስድ አጫሽ ማጨስ ሲያቆም፣ በየትኛውም ዘዴ ቢሆን፣ የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ወደ አደገኛ ደረጃ ሊያድግ ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ ማሳወቅ የግድ ነው።

6. ሁለቱንም ይዞ የመቅረት አደጋ

ብዙዎች ሲጋራውን ሳይተዉ መሣሪያውን ይጨምሩበታል። «ከሃያ ወደ አምስት አወረድሁ» የሚለው ሰው ጉዳቱ በአራት እጥፍ የቀነሰ ይመስለዋል። ለልብና ለደም ሥሮች ግን ስሌቱ እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ማጠቃለያ፣ በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው ሃያ ከሚያጨሰው ሰው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን እንደሚሸከም አሳይቷል። የሽግግሩ ጥቅም የሚገኘው ሲጋራው ሙሉ በሙሉ ሲቀር ነው።

7. ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የተገኙ ትምህርቶች

በእንግሊዝ አገር 886 አጫሾች የተሳተፉበት የንጽጽር ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ግማሾቹ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ግማሾቹ ደግሞ እንደ ማስቲካና የቆዳ ልጣፍ ያሉ የኒኮቲን መተኪያዎች ተሰጧቸው፤ ሁሉም በየሳምንቱ የምክር ድጋፍ አግኝተዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጋራን ትተው የተገኙት ከመጀመሪያው ቡድን 18.0 በመቶ፣ ከሁለተኛው 9.9 በመቶ ነበሩ። የጉሮሮ ወይም የአፍ መቆጣት በመጀመሪያው ቡድን፣ ማቅለሽለሽ ደግሞ በሁለተኛው በርከት ብሎ ታይቷል። ሳልና አክታ በሁለቱም ቢቀንስም ይበልጥ የቀነሰው በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚዎች ነው።

ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። መሣሪያው የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ ሆኖም ከመቶ ሰዎች ሰማንያ ሁለቱ አልተሳካላቸውም። ሲጋራን ከተዉት የመጀመሪያው ቡድን አባላትም 80 በመቶው ከዓመት በኋላ መሣሪያውን ይጠቀሙ ነበር፤ ከሁለተኛው ቡድን ግን መተኪያውን ሲጠቀሙ የተገኙት 9 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህም ከጭሱ መላቀቅና ከኒኮቲን ሱስ መላቀቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስተምራል።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሌላ ዓይነት ዜና ተሰማ። ድንገተኛና ከባድ የሳንባ ጉዳት የደረሰባቸው ወጣቶች ሆስፒታል መግባት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ታማሚዎችና 68 ሟቾች ተመዝግበዋል። ምርመራው ወደ አንድ ንጥረ ነገር አመለከተ፤ ይኸውም በሕገ ወጥ መንገድ በሚሸጡ የካናቢስ ፈሳሾች ላይ የተጨመረው የቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። በቆዳ ላይ ወይም በምግብ ጉዳት የማያደርስ ነገር ወደ ሳንባ ሲገባ ሊገድል እንደሚችል ይህ ታላቅ ማስረጃ ነው።

8. በአገራችን

በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና የሺሻን ንግድ ከልክሏል፤ ትንባሆን ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም እንዲሁ። ስለዚህ ከላይ የተገለጸው ሽግግር በሕግ በተፈቀደባቸው አገሮች፣ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ ለሚያጨሱ ጎልማሶች የሚቀርብ አማራጭ ነው። በአገር ውስጥ ላለ አጫሽ የሚጠቅመው ሳይንሱ ነው፤ የተቀባዮቹ መመለሻ ጊዜ፣ የሳሉ ምንጭ፣ የቡናው ጉዳይና የአንዲት ሲጋራ ጉዳት ማጨስን በማናቸውም መንገድ ለሚያቆም ሰው ሁሉ ይሠራሉ። የኒኮቲን መተኪያዎች በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ሲሆን፣ ስለ አጠቃቀማቸው ሐኪምን ወይም የፋርማሲ ባለሙያን ማማከር ይቻላል።

አጭሶ ለማያውቅ ተማሪ ግን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚያስገኘው ምንም ጥቅም የለም። እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እያደገ የሚሄደው አንጎል ለኒኮቲን ሱስ በቀላሉ ይጋለጣል።

ማጠቃለያ

ከሲጋራ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጋገር ማለት ቃጠሎን ትቶ ኒኮቲንን ይዞ መቆየት ማለት ነው። ደም ከካርቦን ሞኖክሳይድ በቀናት፣ ጉበት ከሬንጁ ተጽዕኖ በአንድ ሳምንት ገደማ ይላቀቃሉ፤ ጉሮሮና እጅ አዲሱን ስልት በሳምንታት ይለምዳሉ። አንጎል ግን ኒኮቲኑ እስካልቆመ ድረስ ነጻ አይወጣም። ስለዚህ መሸጋገሪያውን የመረጠ ሰው ሲጋራውን በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ቢተው፣ ከዚያም ወደ ሲጋራ እንደማይመለስ እርግጠኛ ሲሆን የፈሳሹን ጥንካሬ ደረጃ በደረጃ ቢቀንስ፣ ከግቡ ሊደርስ ይችላል። ድልድይ ለመሻገሪያ ነው፤ ቤት አይሠራበትም።

ራስን ለመፈተሽ

1. የኒኮቲን ፈሳሽ ፒኤች 7 ቢሆን የነጻው ኒኮቲን ድርሻ ስንት በመቶ ይሆናል?

2. አንድ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቡና ጠጥቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቢተኛ፣ አጫሽ ሳለና ማጨስ ካቆመ በኋላ በደሙ ውስጥ የሚቀረው ካፌይን ስንት በመቶ ነው?

3. የማስቲካ ወይም የልጣፍ ኒኮቲን ብቻ የሚጠቀም ሰው ጉበት ካፌይንን የሚያፈርሰው እንደ አጫሽ ነው ወይስ እንደ ማያጨስ ሰው? ለምን?

መልስ፦ 1. ወደ 9 በመቶ። 2. አጫሽ ሳለ ወደ 30 በመቶ፤ ካቆመ በኋላ 50 በመቶ። 3. እንደ ማያጨስ ሰው፤ ኤንዛይሙን የሚያበዛው የጭሱ ሬንጅ እንጂ ኒኮቲን ስላልሆነ።